“ሂትለር ራሱ አይሁዳዊ ነበር”፦ ስለ አንድ ስም የሚወራ ተረትና እውነታው

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2022 የሩሲያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰርጌይ ላቭሮቭ በጣሊያን ቴሌቪዥን ቀርበው ነበር። የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ቮሎዲሚር ዜለንስኪ አይሁዳዊ ሆነው ሳለ፣ ሩሲያ አገሪቱን ከናዚዎች አጸዳለሁ ማለቷ እንዴት ያስኬዳል ተብለው ተጠየቁ። ላቭሮቭም ልሳሳት እችላለሁ፣ ነገር ግን ሂትለርም የአይሁድ ደም ነበረበት፣ ስለዚህ የዜለንስኪ አይሁዳዊነት ምንም አያመለክትም ሲሉ መለሱ። በዚህም ሳያበቁ፣ አይሁድን አምርረው የሚጠሉት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው አይሁዶች ናቸው አሉ። በእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ከዋለ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። የእስራኤል መንግሥት የሩሲያን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ፤ በጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ያይር ላፒድ ንግግሩ ይቅር የማይባል ነው አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናፍታሊ ቤኔት፣ ቭላድሚር ፑቲን በስልክ ይቅርታ እንደጠየቋቸው አስታወቁ።

ወሬውን የፈጠሩት ግን ላቭሮቭ አይደሉም። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከጋዜጣ ወደ መጽሐፍ፣ አሁን ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ኖሯል። በአማርኛም ይዞራል። “ያልተነገረው ምስጢር” የሚል ርእስ ይሰጠውና፣ ሂትለር እውነተኛ ስሙን ደብቆ የኖረ፣ አያቱ አይሁዳዊ የነበረ ሰው ተደርጎ ይቀርባል። አድማጩ ይገረማል፣ ለሌላ ያካፍላል፣ ነገሩ ያልፋል። የሚያልፈው ግን ጉዳት አድርሶ ነው። ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁዶችን ገድለዋል። ገዳዩን ከተገደሉት ወገን አድርጎ የሚያቀርብ ተረት ወንጀሉን ከፈጻሚዎቹ ትከሻ አውርዶ በሟቾቹ ላይ ይጭናል። “እነሱው በእነሱው ያደረጉት ነው” ለማለት መንገድ ይከፍታል፤ ብዙዎቹም ሳያፍሩ እስከዚያ ድረስ ሄደዋል። ስለዚህ ይህን እንደ ተራ የቡና ላይ ጨዋታ ማለፍ አይገባም።

የወሬው መነሻ የቤተሰቡ ስም ነው። ሂትለር የሚለው ስም በኦስትሪያ እንኳ እምብዛም የማይገኝ፣ አንድ የመንደር ቤተሰብ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በአንድ መዝገብ ላይ ያገኘው ስም ነው። ስሙ እንዴት እንደመጣ የተረዳ ሰው ተረቱ ከየት እንደተነሳም ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዶው ቦታ

ጁን 7 ቀን 1837 በታችኛው ኦስትሪያ፣ ቫልድፊርተል በሚባለው ደን የበዛበት ደጋማ አገር፣ ስትሮነስ በምትባል ትንሽ መንደር አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። እናቱ ማሪያ አና ሺክልግሩበር የ42 ዓመት ያላገባች የገበሬ ልጅ ነበረች። ሕፃኑ በዶለርስሃይም ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ አሎይስ ሺክልግሩበር ተብሎ በእናቱ የቤተሰብ ስም ተመዘገበ። በክርስትና መዝገቡ ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶውን ቀረ።

ልጅ በአባቱ ስም በሚጠራበት በእኛ አገር ልማድ ለኖረ አንባቢ ይህ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም የቤተሰብ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይለወጥ ይወርዳል። ልጁ በጋብቻ ከተወለደ የአባቱን፣ ከጋብቻ ውጭ ከተወለደ የእናቱን ቤተሰብ ስም ይይዛል። በዚያ ዘመን በቫልድፊርተል ከጋብቻ ውጭ መወለድ ብርቅ አልነበረም። ድሃ ገበሬዎች ሳያገቡ ብዙ ዓመት ይቆዩ ነበርና እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ በየደብሩ መዝገብ ይገኛል።

ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1842፣ ማሪያ አና ዮሃን ጌኦርግ ሂድለር የተባለ በየወፍጮ ቤቱ እየተቀጠረ የሚሠራ ሰው አገባች። በ1847 ሞተች። አሎይስ ያደገው ከእንጀራ አባቱ ጋር ሳይሆን በሽፒታል መንደር ከእንጀራ አባቱ ወንድም ከዮሃን ኔፖሙክ ጋር ነው። ኔፖሙክ የራሱ እርሻ ያለው፣ ደህና ኑሮ የሚኖር ገበሬ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች የሆኑት ሁለቱ ወንድማማቾች ስማቸው የተጻፈው በሁለት መንገድ ነው፣ አንዱ ሂድለር፣ ሌላው ሁትለር። የተጣላ ወይም የሸሸ የለም። ቄሱ እንደሰማው ይጽፋል፣ ገበሬው ደግሞ ፊደሉን አይከራከርም።

አሎይስ በ1855 የጉምሩክ ሠራተኛ ሆነ፤ ዝቅተኛ ትምህርት ይዞ የማይጠበቅ ሹመት ላይ ደረሰ። በ1876 ኔፖሙክ ምስክሮች አስከትሎ ቫይትራ በምትባል ከተማ ውልና ማስረጃ ፊት ቀረበ። ከ19 ዓመት በፊት የሞተው ወንድሙ ጌኦርግ የአሎይስ አባት መሆኑን በሕይወት ሳለ ያምን ነበር ተብሎ ተመሰከረ። ከዚያ የዶለርስሃይም ቄስ የድሮውን መዝገብ አውጥቶ ሺክልግሩበር የሚለውን ሰረዘ፤ “ከጋብቻ ውጭ” የሚለውን “በጋብቻ” አደረገው፤ በባዶው ቦታም የአባት ስም አስገባ። ስሙ የተጻፈው ግን ሂድለርም ሁትለርም ሳይሆን ሂትለር ተብሎ ነው። ዓለም እስከ ዛሬ የሚያውቀው ስም በአንድ ትንሽ የገጠር ደብር የተወለደው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ተረቱ ከባዶ አልተነሣም ማለት ተገቢ ነው። ባዶው ቦታ እውነት ነው። ከ39 ዓመት በኋላ፣ አባት የተባለው ሰው በሌለበት መሞላቱም እውነት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች አሁንም ድረስ አሎይስን የወለደው ጌኦርግ ይሁን ወይስ አሳዳጊው ኔፖሙክ በእርግጠኝነት አይናገሩም። ኔፖሙክ ሕፃኑን ለምን ወስዶ አሳደገው? በስተርጅናውስ ስሙ እንዲለወጥለት ለምን ደከመ? ጥያቄው አግባብ አለው። ዓለምን በደምና በዘር የከፈለው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን የአያቶቻቸውን የክርስትና ወረቀት አምጡ ያለው ሥርዓት መሪ፣ የራሱ አያት ማን እንደሆነ በሰነድ ማረጋገጥ የማይችል ሰው ነበር። ይህ በራሱ ብዙ የሚናገር እውነት ነው፤ ፈጠራ አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ አያቱ ጌኦርግም ይሁን ኔፖሙክ፣ ሁለቱም የማርቲን ሂድለር ልጆች፣ ሁለቱም የቫልድፊርተል ካቶሊክ ገበሬዎች ናቸው። ጥርጣሬው ያለው በሁለት ወንድማማቾች መካከል ነው። “አባቱ አልታወቀም” ከሚለው ተነሥቶ “እንግዲያው አይሁዳዊ ነው” ላይ ለመድረስ ከመሃል የሆነ ሰው አንድ ነገር መጨመር ነበረበት።

የጨመረው ሰው

ያ ሰው ሃንስ ፍራንክ ነው። የናዚ ፓርቲ ጠበቃ፣ ኋላም በጦርነቱ ጊዜ የተያዘችው ፖላንድ ገዥ የነበረ፤ በሥልጣኑ ዘመን በግዛቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ያለቁበት። በኑረምበርግ የሞት ፍርድ ተፈርዶበት ኦክቶበር 16 ቀን 1946 ተሰቀለ። እስር ቤት ሆኖ የጻፈው ማስታወሻ ከሞተ በኋላ በ1953 ታተመ፤ የተረቱ ዋና ምንጭም ያ ነው። ፍራንክ እንደጻፈው በ1930 መጨረሻ ሂትለር ጠርቶት ከወንድሙ ልጅ የመጣ የማስፈራሪያ ደብዳቤ አሳየው፤ ጉዳዩንም በምስጢር እንዲያጣራ አዘዘው። ፍራንክ ባደረገው ማጣራት ማሪያ አና በግራትስ ከተማ ፍራንከንበርገር በሚባል አይሁዳዊ ቤተሰብ ቤት ወጥ ቤት ሆና ታገለግል ነበር፤ ቤተሰቡም በ19 ዓመት ልጁ ምክንያት ሕፃኑ 14 ዓመት እስኪሞላው ተቆራጭ ይከፍላት ነበር፤ በዚህም ላይ ደብዳቤዎች ተጻጽፈዋል አለ።

ከነዚህ ደብዳቤዎች አንዱንም ያየ ሰው የለም። በዘመኑ በግራትስ ፍራንከንበርገር የሚባል አይሁዳዊ ቤተሰብ ስለመኖሩ የፈለጉት ተመራማሪዎች አላገኙም። ማሪያ አና ግራትስን በእግሯ ስለመርገጧም ማስረጃ የለም፤ ከስትሮነስ እስከዚያ ያለው መንገድ ለአንዲት የገጠር ሴት ቀላል አልነበረም። ግራትስ ዋና ከተማው የሆነበት የሽታየርማርክ ግዛት ደግሞ አይሁዶችን በ1496 በቀዳማዊ ማክሲሚልያን ትእዛዝ ያባረረ ሲሆን፣ በሕግ ተመልሰው እንዲሰፍሩ የተፈቀደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። አሎይስ የተወለደው ከዚያ በፊት ነው።

በዚህ የመጨረሻ ነጥብ ላይ ክርክር መነሣቱን መደበቅ አይገባም። በ2019 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በአንድ የጥናት መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ሕጉ ቢከለክልም ጥቂት አይሁዶች ከ1850 በፊት በግራትስ ሳይኖሩ አልቀረም ሲል ተከራከረ። ሊሆን ይችላል፤ ሕግ የከለከለው ነገር ሁሉ አይደረግም ማለት አይደለም። ነገር ግን የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ኤቫንስ እንዳሉት በአንድ ከተማ አይሁዶች ኖሩ ማለት፣ ከመካከላቸው አንዱ የአንዲት የሩቅ መንደር ሴት ልጅ አባት ነው ማለት አይደለም። ከተማው ውስጥ ሰው መኖሩን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ቤተሰቡን፣ ሴትየዋንና ልጁን ማገናኘት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን እስካሁን ያደረገ የለም።

ደብዳቤ ጻፈ የተባለው የወንድም ልጅስ? ዊልያም ፓትሪክ ሂትለር በ1911 በሊቨርፑል የተወለደ፣ የአዶልፍ ግማሽ ወንድም የሆነው የትንሹ አሎይስ ልጅ ነው። በአጎቱ ስም ለመጠቀም ወይም እሱን ለማስጨነቅ መሞከሩ ይታወቃል። በ1939 ጀርመንን ለቅቆ ከወጣ በኋላ ስለ አጎቱ በጋዜጦች ጽፏል፤ ሊጎዳው የሚችለውን ሁሉ ለመናገር ምክንያት ነበረው። ስለ ግራትስ ግን አንዲት ቃል አልጻፈም። በእጁ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ በዚያ ሰዓት ዝም ይል ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ፍራንክ ይህን ለምን ጻፈ? በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። በገመድ ጥላ ሥር የተቀመጠ፣ በአይሁዶች ላይ በተፈጸመው ግፍ እጁ ያለበት ሰው፣ ከሞቱ በፊት ጥፋቱን በአንድ “አይሁዳዊ” ላይ ማላከኩ ግን ማንንም ሊያስጠረጥር ይገባል። የአንድን የተፈረደበት የናዚ ሹም ቃል ያለ ምንም ሰነድ ተቀብሎ እንደ ታሪክ የሚያሠራጭ ሰው፣ ለማን ጥብቅና እንደቆመ ቢያስብበት መልካም ነው።

የቡካሬስቱ መቃብር

ከፍራንክ መጽሐፍ በፊትም ወሬው ሌላ መልክ ነበረው። ኦክቶበር 14 ቀን 1933 የእንግሊዙ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ከሚገኝ የአይሁድ መቃብር የተነሣ ፎቶግራፍ አወጣ። ድንጋዩ ላይ አዶልፍ ሂትለር የሚል ስም ይነበባል፤ በላቲን ፊደል “ት” ተደግማ የተጻፈች ናት። ጋዜጣው ይህ የጀርመኑ መሪ አያት ነው አለ። በዓለም ዙሪያ ተቀባበሉት።

ማመሳከር ከባድ አልነበረም። እዚያ የተቀበረው ሰው በ1892 በ60 ዓመቱ የሞተ ነው፤ ማለት የተወለደው በ1832 ገደማ ነው። አሎይስ የተወለደው በ1837 ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን አባት አይሆንም። ነገሩ በአንድ መቀነስ ሒሳብ የሚያልቅ ነበር፣ ግን የስሙ መመሳሰል ዓይን ስለሳበ ማንም ቁጥሩን አላየም። ከኦስትሪያ በስተምሥራቅ በሚኖሩ አይሁዶች ዘንድ ሂትለር ወይም ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ስም የያዙ ቤተሰቦች መኖራቸው እውነት ነው፤ ከቫልድፊርተሉ ቤተሰብ ጋር ግን የሚያገናኛቸው የለም።

ስም ደምን አይናገርም

ከዚህ ሁሉ ወሬ ሥር ያለው ግምት አንድ ነው፤ የቤተሰብ ስም የሰውን ዘርና ሃይማኖት ይገልጣል የሚል። ብዙ ሰው ዛሬም በርግ፣ ሽታይን ወይም ባውም ብሎ የሚያልቅ የጀርመን ስም ሲሰማ “አይሁድ ነው” ይላል። ግምቱ ትንሽ መሠረት አለው። የሮማው ቅዱስ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ በ1787 ባወጣው አዋጅ በግዛቱ የሚኖሩ አይሁዶች ቋሚ የጀርመን የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አስገድዷል፤ ብዙዎቹም የዕፅዋት፣ የተራራና የድንጋይ ስም ያለባቸውን ወሰዱ። እነዚያው ስሞች ግን ከዚያ በፊትም በኋላም የክርስቲያን ጀርመኖች፣ የመንደሮችና የመሳፍንት ስሞች ነበሩ። የናዚ ፓርቲ ዋና የዘር ጽንሰ ሐሳብ ጸሐፊ፣ በኑረምበርግ የተሰቀለው ሰው ስሙ አልፍሬድ ሮዘንበርግ ነበር። በ“ስም ይገልጣል” ሚዛን ቢለካ ኖሮ ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች አንዱ በሆነ።

ናዚዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። ኦገስት 17 ቀን 1938 የወጣው ደንብ፣ በባለሥልጣናቱ ዝርዝር ውስጥ ያለ “የአይሁድ” የመጠሪያ ስም የሌላቸው አይሁዶች ከጃንዋሪ 1 ቀን 1939 ጀምሮ ወንዱ እስራኤል፣ ሴቷ ሳራ የሚል ተጨማሪ ስም በግድ እንዲይዙ አዘዘ። ወዲያው በኦክቶበር 1938 በፓስፖርታቸው ላይ ቀይ “ዮት” (J) ፊደል መታተም ጀመረ። የሰው ስም አይሁዳዊነቱን የሚናገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ማኅተምና ደንብ ባላስፈለገ። አሳዳጆቹ ራሳቸው በስም ብቻ ማን ማን እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ዛሬ ግን እነሱ ያልቻሉትን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች በየስክሪኑ ይሰብካሉ፤ በዚህ ላይ መታገሥ ያስቸግራል።

“ከአፍሪካ የመጣ ዘር”

በ2010 አንድ የቤልጂግ መጽሔት ጋዜጠኛ ከሂትለር ዘመዶች የተገኘ የምራቅ ናሙና አስመርምሮ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው የዘር መስመር ኢ1ቢ1ቢ የሚባለው ምድብ መሆኑን ጻፈ። ይህ ምድብ በሰሜን አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ፣ በኢትዮጵያውያንና በሶማሌዎች ዘንድ በብዛት ይገኛል፤ ከአይሁዶችም ከፊሎቹ ይዘውታል። በማግስቱ የዓለም ጋዜጦች “ሂትለር አፍሪካዊና አይሁዳዊ ነበር” አሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ዜናው የተለየ ጣዕም ነበረው፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይመለሳል።

ምድቡ የሚናገረው በሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ጥንታዊ የዘር ሐረግን ነው። በግሪኮች፣ በአልባንያውያንና በሌሎች የባልካን ሕዝቦች ዘንድ በሰፊው አለ፤ በኦስትሪያና በጀርመንም ጥቂት የማይባሉ ወንዶች ይዘውታል። ከሺዎች ዓመታት በፊት የተለያዩ ቅርንጫፎች አሉት። በአንድ ምድብ መገኘት ማለት ከአምስት ወይም ከስድስት ትውልድ በፊት የጋራ አያት አለ ማለት አይደለም፤ የማንንም ሃይማኖት ደግሞ ከናካቴው አይናገርም።

በ2025 ደግሞ የዘረ መል ተመራማሪዋ ቱሪ ኪንግ የተሳተፉበት ጥናት በብሪታንያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ሂትለር ራሱን ከገደለበት ሶፋ ላይ አንድ አሜሪካዊ መኮንን ቆርጦ የወሰደው በደም የራሰ ጨርቅ ተመረመረ፤ ደሙ የእሱ መሆኑም ከአባት ወገን ዘመድ ጋር በማመሳከር ተረጋገጠ። ጥናቱ የአይሁዳዊ አያትን ወሬ የሚደግፍ ነገር አላገኘም። ከሰውየው ጤና ጋር በተያያዘ የቀረቡት ሌሎች መደምደሚያዎች ገና ብዙ ክርክር አለባቸው፤ በአያቱ ጉዳይ ላይ ግን ሰነዱም ደሙም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

የቀሩት ተረቶች

እውነተኛ ስሙ ሺክልግሩበር ነበር የሚባለው ስሕተት ነው። አባቱ ስሙን የለወጠው በ1876 ነው፤ አዶልፍ በብራውናው የተወለደው ኤፕሪል 20 ቀን 1889 ነው። ሲወለድ ሂትለር፣ ሲሞት ሂትለር ነበር፤ አንድም ቀን ሺክልግሩበር ተብሎ አያውቅም። በጦርነቱ ጊዜ ተቃዋሚዎቹ ለመሳለቂያ ይጠሩበት ስለነበር ነው ዛሬ “የተደበቀ ስም” የሚመስለው። የልጅነት ጓደኛው አውጉስት ኩቢዜክ ከጦርነቱ በኋላ እንደጻፈው፣ አዶልፍን ራሱን አባቱ ካደረገው ነገር ሁሉ የስም ለውጡን ያህል ያስደሰተው አልነበረም።

ትርጉሙ አስፈሪ ነው፣ ወይም ለሥልጣን ሲል የመረጠው ነው የሚሉም አሉ። አብዛኞቹ የስም ተመራማሪዎች ሂትለርን፣ ሂድለርንና ሁትለርን “ሁተ” ከሚለው ጎጆ ማለት ከሆነ የጀርመንኛ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ ጎጆና ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ ማለት ይሆናል። ሌሎች ደግሞ በባቫርያና በኦስትሪያ ቀበልኛ ከምድር ሥር የሚፈልቅ ውኃን ከሚጠራ ቃል ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ለዚያ አገር ገበሬዎች ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ግን ጨካኝነትን የሚያመለክት ነገር የለውም።

የትውልድ ምስጢሩን ለመደበቅ ዶለርስሃይምን አወደመ የሚለው ታዋቂ ነው። አካባቢው በ1938 ኦስትሪያ ወደ ጀርመን ከተቀላቀለች በኋላ የጦር ሠራዊት ማሠልጠኛ ሆነ፤ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች ከመንደሮቻቸው እንዲለቁ ተደረገ፣ ስትሮነስም ጠፋች። በሕዝቡ ላይ የደረሰው እውነተኛ በደል ነው። ምስጢር መደበቂያ ቢሆን ኖሮ ግን መጀመሪያ የሚቃጠለው የክርስትና መዝገቡ ነበር፤ መዝገቡ ግን ወደ ሌላ ደብር ተወስዶ ተጠብቆ ተቀመጠ። የዘር ሐረጉም ከዚያ ቀደም በ1937 በናዚዎቹ ዘመን በመጽሐፍ ታትሟል። ቦታው ዛሬም አለንትሽታይግ በሚባለው የኦስትሪያ ጦር ማሠልጠኛ ውስጥ ነው፤ የዶለርስሃይም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እንደቆመ ነው።

ስሙ በጀርመን በሕግ ተከልክሏል የሚለውም ትክክል አይደለም። ሕግ ሳይሆን ሰዎች ራሳቸው ሸሹት። የአዶልፍ እህት ፓውላ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ቮልፍ በሚል ስም ትኖር ነበር፤ በ1960 ሞተች። ዊልያም ፓትሪክ ወደ አሜሪካ ሄዶ በአሜሪካ የባሕር ኃይል ውስጥ ከአጎቱ አገር ጋር በተደረገው ጦርነት አገለገለ፤ ከዚያ ስሙን ቀይሮ በሎንግ አይላንድ ጸጥ ያለ ኑሮ ኖሮ በ1987 ሞተ። ልጆቹ ዘሩ እንዲጠፋ ላለመውለድ ተማምለዋል የሚባለውን አንዱ ልጅ ራሱ አስተባብሏል። ሂድለርና ሁትለር የሚሉት የድሮ አጻጻፎች ግን አሁንም በኦስትሪያ አሉ፤ የሚይዟቸውም ሰዎች ከማንም ያነሰ ንጹሓን ናቸው ሊባል አይገባም።

የሚገርመው ስሙ በተወለደበት አገር ሲጠፋ ሌላ ቦታ እንደ መጠሪያ ስም መቀጠሉ ነው። በቀድሞዋ የጀርመን ቅኝ ግዛት በናሚቢያ በ2020 በተካሄደ የአካባቢ ምርጫ አዶልፍ ሂትለር ኡኖና የተባለ ፖለቲከኛ በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈ። ስሙን አባቱ ምንነቱን ሳይረዱ እንዳወጡለት፣ ከናዚ አስተሳሰብም ጋር ምንም እንደማያገናኘው ለጋዜጠኞች ተናግሯል። በዚምባብዌ የጦር አርበኞች መሪ የነበረው ቼንጄራይ ሁንዝቪ ደግሞ ሂትለር የሚለውን ራሱ የትግል ስሙ አድርጎት በ2001 እስኪሞት ተጠርቶበታል። አንዱ ሳይመርጥ ያገኘው፣ ሌላው መርጦ የያዘው ስም ነው፤ ስለ ዘራቸው ግን ሁለቱም ምንም አይነግረንም።

በአማርኛ ታሪክ ነክ ቪዲዮ የምትሠሩና ጽሑፍ የምታወጡ ሰዎች፣ ይህን ወሬ ከዚህ በፊት አቅርባችሁት ከሆነ አውርዱት፤ ካላወረዳችሁት ከሥሩ እርማት ጻፉበት። የዶለርስሃይም መዝገብ የሚለው የታወቀ ነው፤ የፍራንከንበርገርን ደብዳቤ ግን እስካሁን ያመጣ ሰው የለም። የምታደምጡም፣ “ሂትለር አይሁዳዊ ነበር” የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ሰነዱን ጠይቁት። አያገኘውም።